«ተፈጥሮ የሰጣት ድምፅ»፦ ከአስቴር አወቀ እስከ ሆሳዕና መዘምራን

ስለ አስቴር አወቀ ሲነሣ የአብዛኛው አድማጭ ፍርድ አንድ ነው፤ «ድምፅዋ የተፈጥሮ ስጦታ ነው» ይላል። ፍርዱ እውነት አለው። ከፍ ባለው የድምፅ እርከን ላይ ሳትጨነቅ ትቆማለች፤ ከዚያም ወርዳ ሹክሹክታ በሚመስል እስትንፋስ ቃሉን ትጨርሳለች። እንዲህ ያለውን ጉሮሮ ማንም መምህር አይሠራውም። ይሁን እንጂ አድናቆታችን በዚህ ብቻ ሲያበቃ፣ የምናደንቀውን ነገር ግማሹን ሳንሰማው እንቀራለን የሚል እምነት አለኝ።

ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገችው አስቴር ብዙነሽ በቀለን የመሰሉ ቀዳሚ ድምፃውያንን እየሰማች ጆሮዋን አሠልጥናለች፤ በወጣትነቷም በመዲናዋ የምሽት ክበቦች ከባንዶች ጋር ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከሄደች በኋላ በዋሽንግተን ዲሲ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ዘፍናለች። በስሟ የተሰየመው አልበም በ1989፣ «ካቡ» ደግሞ በ1991 ታተሙ። በእነዚህ ሥራዎች ባለ አምስት ድምፁ የሀገራችን ቅኝት ከሳክስፎንና ከቤዝ ጊታር ጋር ሲገናኝ፣ እርሷ አንዲቱን አናባቢ በብዙ ድምፆች ላይ እየዘረጋችና እያጠፈች ታዜማለች። የውጭ ሐያስያን ከሶል ሙዚቃ ንግሥት ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር ያነጻጸሯትም ስለዚህ ችሎታዋ ጭምር ነው።

ንጽጽሩ ለእኛ አካባቢ የቀረበ ትርጉም አለው። አሬታም በተፈጥሮ ድምፅዋ ትወደስ እንጂ፣ ያደገችው አባቷ በሚያገለግሉበት የዲትሮይት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እየዘመረች ነው። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞችም የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን ዘወትር ይለማመዳሉ፤ መሪው ሲያወጣ ጉባኤው ይቀበላል። ለብዙ ወጣት የመጀመሪያው የድምፅ ትምህርት ቤት ይህ ነው። ተሰጥዖ ያላትን ልጅ «እግዚአብሔር ሰጥቷታል» ብለን ብቻ ስናልፋት ግን የእርሷም ልፋት፣ ያሠለጠኗትም ሰዎች ድካም አይታይም። ላልታየ ልፋት ደግሞ ሥልጠናም ሆነ ተገቢ ክፍያ የሚጠይቅ አይገኝም።

ለተመራማሪም የሚተርፍ ጥያቄ አለ። በአማርኛ አናባቢን ማስረዘም የቃሉን ፍቺ አይለውጥም፤ ስለዚህ አስቴር እንደ ልቧ ትዘረጋዋለች። በሀዲይኛና በከምባትኛ ግን የአናባቢ ርዝመት ቃልን ከቃል ይለያል። ታዲያ በእነዚህ ቋንቋዎች የምታዜም ድምፃዊት አጭሩን አናባቢ በብዙ ድምፆች ላይ ስትዘረጋ ፍቺው እንዳይፋለስ ምን ታደርጋለች? ዜማውን ታሳጥራለች? ማስጌጫውን ረጅም አናባቢ ወዳለበት ቃል ትወስዳለች? ወይስ አድማጩ ከዐውዱ እንዲረዳ ትተወዋለች?

ጥያቄው የሥነ ልሳንም የሙዚቃም ነው። ለመጀመር ጥሩ መቅጃ፣ የዘማሪዎች ፈቃድና ቋንቋውን ከልጅነቱ የሰማ ጆሮ ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ደግሞ ከሌላ ቦታ ይልቅ በሆሳዕናና በዱራሜ ይገኛል። ስለዚህ በቋንቋና በባህል ጥናት ዘርፍ ያለን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከመመረቂያ ርእሶቻችን መካከል ጥቂቱን ለአካባቢያችን ድምፆች ብንሰጥ፣ ዘማሪዎቹንም በስማቸውና በሙያቸው ብንጠቅስ መልካም ነው። ስጦታውን ማክበር የሚጀምረው ድምፃዊቷ ምን እንደምትሠራ በጥንቃቄ ከመግለጽ ነው።