ከመላጨታችሁ በፊት ለኩልን!

ጋዜጠኝነት ተምረሽ ስለ ቴስታታ ምን አገባሽ የምትሉ አትጠፉም። መኪና ያለውም፣ ታክሲ የሚጋፋውም ያገባዋል! እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ እንግዲህ ያለችውን አሮጌ ሞተር ደጋግመን ማሠራታችን ነው።

ሞተር ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ከዚያ "ይላጭ!" ይባላል። መላጨቱ ክፋት የለውም። ግን ቴስታታው ላይ ያሉት ጉድጓዶች (ቤንዚኑ የሚቃጠልባቸው ማለቴ ነው) በተላጩ ቁጥር ይጠባሉ። እስቲ እናስላው። ባለ አራት ሲሊንደር 1300 ሞተር ለአንዱ ሲሊንደር 325 ሲሲ ይደርሰዋል። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ 38 ሲሲ ቦታ ከቀረ፣ ኮምፕሬሽኑ 9.5 ለ1 ገደማ ነው። ሁለት ጊዜ ተላጭቶ 3 ሲሲ ቢቀንስስ? 10.3 ገባ። አናቱ ጎድጎድ ያለው ፒስተን ወጥቶ ጠፍጣፋው ከተተካማ አታንሱት፤ ጉብ ያለው ደግሞ ጭራሽ ቫልቭ ሊመታ ይችላል።

"ተሠርታ ወጣች፣ ምንም አላለችም" ይላሉ መካኒኮቻችን። እውነታቸውን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ላትል ትችላለች! ከተማችን 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውም ያንሳል፣ ጥፋቱ ይደበቃል። ያቺው መኪና አምስት ሰው ጭና ወደ አዋሽ ስትወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ቤንዚኑ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ ወይም ሳይከተል በራሱ መፈንዳት ይጀምራል። ኳ ኳ ኳ… ሲቆይ የፒስተን አናት ይበሳል፣ ፋሻ ይሰበራል። ከዚያ "ሾፌሩ ነው" ወይም "ቤንዚኑ ነው" ይባላል። የላጨው ሰው ስሙ እንኳን አይነሳም።

መለኪያው ደግሞ ውድ አይደለም። ቫልቮቹና ካንዴላው እንደተገጠሙ ቴስታታውን መገልበጥ፣ ቀዳዳ ያለው መስታወት በግሪስ መለጠፍ፣ በስሪንጅ ነጭ ጋዝ እየሞሉ ስንት ሲሲ እንደፈጀ መጻፍ። አራቱ እኩል ካልሆኑ ማስተካከል፣ ፒስተኑን ከዚያ በኋላ መምረጥ። "ወፍራም ጓርኒሲዮን እናስገባበት" የሚሉም አሉ። የጠፋውን ቦታ ይመልሳል፤ ነገር ግን በፒስተኑና በቴስታታው ጠርዝ መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት ያሰፋዋል። አየርና ቤንዚኑን ጨምቆ የሚያማታው እሱ ነበር!

እና ጋራዥ ስትሄዱ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት "ስንት ሲሲ ወጣ?" በሉ። አራት ቁጥር ተጽፎ ካልተሰጣችሁ ሞተሩ ገና አልተሠራም፤ ተላጨ እንጂ።