ወጠጤ የሚሸተው አበባ

ወላጅ ከአገር ቤት ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በዓል ናቸው። ሻንጣው ተከፍቶ በርበሬውና ሽሮው ይወጣል፣ ቡናው ይፈላል፣ ወዳጅ ዘመድ እየተጠራራ ይመጣል። ከዚያ በኋላ እኛ ወደ ሥራ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ እንግዳው አራተኛ ፎቅ ላይ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይቀራል። ወላጅ አምጥታችሁ የምታውቁ አንባቢዎች የምለው ይገባችኋል። እናቴ ከመንዝ ሽቱትጋርት በመጣች በስድስተኛው ሳምንት፣ «እዚህ ተቀምጬ የማየው ግድግዳ ነው፤ ቲኬቴን አሳጥሩልኝ» አለችኝ። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ መናገሩ ይከብዳታል። ስለዚህ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ከ«በላሽ ወይ?» እና ከ«እሺ» የዘለለ ጨዋታ አልነበረም።

ለጰንጠቆስጤ የትምህርት ዕረፍት የት እንሂድ ስንል ቦታውን የመረጠችው ልጄ ናት። ቢራቢሮ ፎቶ ማንሳት ትወዳለች። እኔ እንኳ ወደ ባሕር ነበር ያሰብኩት፤ ግን ለእናቴ ባሕር ዳር ተኝቶ መዋል ምን ይሆንላታል? እናም አቅራቢ መነፅር፣ ኮፍያና ብዙ ውኃ ይዘን ሦስታችንም በባቡር ወደ ካይዘርሽቱል ሄድን።

ካይዘርሽቱል በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ከፍራይቡርግ ከተማ አጠገብ፣ በራይን ወንዝና በሽቫርትስቫልድ ተራሮች መካከል ለብቻው የቆመ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ከፍተኛው ጫፉ 557 ሜትር ብቻ ስለሆነ የመንዝ ሰው ተራራ አይለውም፤ እናቴም አላለችውም። ነገር ግን ከአገሩ ሁሉ ሞቃታማ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ነው። በበረዶው ዘመን ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አፈር በላዩ ተቆልሎ ለወይን ተክል ተመችቷል። ወይን ያልተተከለባቸው ደረቅ ተዳፋቶች ደግሞ የኦርኪድና የቢራቢሮ መኖሪያ ናቸው።

ኦርኪድ ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው በሱቅ በማሰሮ የሚሸጠውን ነው። የዱሩ ሌላ ነው፤ አንዳንዱ ከሣሩ መካከል ጎንበስ ብላችሁ ካልፈለጋችሁት አታገኙትም። በመጀመሪያው ቀን ከኢሪንገን መንደር አጠገብ ወዳለው ሊሊየንታል ሄድን። የዛፎች መትከያ የሆነ ሸለቆ ነው፤ መንገዱ ለአዛውንት እግር ይመቻል። ከመንገዱ ዳር እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ አበባው እንደ ተጠማዘዘ ሪባን የተንጠለጠለ አንድ ተክል አገኘን። እናቴ ጠጋ ብላ አሸተተችውና ፊቷን ኮስተር አደረገች። «ይሄማ ወጠጤ ወጠጤ ይላል!»

ልጄ ወጠጤ ምን እንደሆነ አታውቅም። እናቴ በእጇ ጢም እየሠራች፣ እየጮኸች አሳየቻት። ልጄ መጽሐፏን ገልጣ ስታይ የአበባው የጀርመንኛ ስም ውስጥ «ቦክ» የሚል ቃል አለ፤ ወጠጤ ማለት ነው። የሳይንስ ስሙም ከፍየል የመጣ ነው። ለካ ሊቃውንቱም አሽትተውት ኖሯል! ከዚያች ደቂቃ በኋላ አስተርጓሚ መሆኔ ቀረ።

እናቴ እንደ ማንኛዋም እናት አንዱን ነቅላ ለበረንዳዬ ልታመጣልኝ ፈለገች። ልጄ እጇን ያዘቻት። በጀርመን የዱር ኦርኪድ ሁሉ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ መቁረጥም መንቀልም ክልክል ነው። ሕጉ ባይኖርም ነቅሎ መትከሉ ብዙ ጊዜ አይሳካም። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ በውስጡ ስንቅ የለውም። አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ካልመገበው አይበቅልም፤ ብዙዎቹም ከዘር እስከ አበባ ድረስ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ልጄ ይህን ሁሉ በአማርኛ የምትልበት ቃል ስላልነበራት፣ «ምግቧ እዚህ መሬት ውስጥ ነው፤ እኛ ቤት ትራባለች» አለች። እናቴ ወዲያው ተረዳች። «ጡት ማስጣል ነዋ! ተዪያት።»

በማግስቱ ባድበርግ ወደሚባለው ጥብቅ ስፍራ ወጣን። እዚህ አቀበት አለ፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አልመክርም። እናቴ ግን ከሁለታችን ቀድማ ነበር የምትወጣው። ከላይ ሆና ተዳፋቱን ስታይ ቆየችና፣ «ይህ ሣር ባለቤት አለው» አለች። በምን አወቅሽ ስላት ከጎን ያለውን ቁጥቋጦ የዋጠውን ዳገት አሳየችኝ። እውነቷን ነው። ድሮ ገበሬዎች ለከብት ድርቆሽ ያጭዱት የነበረ ሣር ነው። ከብቱ ሲቀር ማጨዱም ቀረ፣ ቁጥቋጦው መግባት ጀመረ፣ ብርሃን የሚወዱት ኦርኪዶችም ተሸፈኑ። አሁን ሣሩ የሚታጨደው ለአበቦቹና ለነፍሳቱ ሲባል ነው።

እናቴ ይህን የምታውቀው ከጓሳ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን ይህን የመንዝ ሣር ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው እንደኖረ ይነገራል። ለዓመታት ይከለላል፣ ከዚያ ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ እዚያ መኖራቸው አንድም በዚህ ነው። ሣሩ የሚከፈትበትን ቀን አባቷ እንዴት ይጠብቅ እንደነበር ለልጄ ስትነግራት እኔም የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ቢራቢሮው የተገኘው እዚያው ነው። ወንዱ ክንፉን ሲዘረጋ ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ናት። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ቢጫ አበባ ባላት አንዲት ትንሽ ተክል ላይ ነው። እናቴ ቅጠሏን አይታ «የምስር ዘመድ ናት» አለች፤ መጽሐፉም ከዚያው ቤተሰብ ነው የሚመድባት። ከእንቁላሉ የሚወጣው አባጨጓሬ ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚያመነጭ ጉንዳኖች እየላሱ ይጠብቁታል። እንደ እረኛ ማለት ነው።

ሦስተኛው ቀን የወፍ ነበር። ንብ በል ከጀርመን ጠፍቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከ1990 ገደማ ጀምሮ ወደ ካይዘርሽቱል ተመልሷል። ጉሮሮው ቢጫ፣ ሆዱ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ጀርባው ዳማ ነው። በአፈሩ ገደል ላይ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ይፈለፍላል። ንብ ሲይዝ ቅርንጫፍ ላይ እየፈተገ መናደፊያዋን ያወጣል። ጎጆው አጠገብ መጠጋት ስለሚረብሸው እኛ ከሩቅ በመነፅር ነው ያየነው። ቀፎ ያላት እናቴ ግን አላደነቀችውም፤ «የዚህን ሌባ ዘመዶች አውቃቸዋለሁ» አለች። አልተሳሳተችም፤ በኢትዮጵያ ብዙ የንብ በል ዓይነቶች አሉ፣ ይህም ዝርያ በፍልሰት ወቅት በዚያ ያልፋል።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ በአውሮፓ አቆጣጠር ጥሩ ጊዜ ነው። ቢራቢሮ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጠዋት አትቸኩሉ። ከመንገዱ አትውጡ፤ ገና ያላበቡ ኦርኪዶች እግራችሁ ሥር ናቸው። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ማታ ማታ ደግሞ ልጆችን ለመዥገር ፈትሹ። በደቡብ ጀርመን መዥገር የአንጎል ብግነት በሽታ ያስተላልፋል፤ ስለ ክትባቱ ሐኪም ጠይቁ።

እናቴ ቲኬቷን አሳጥራ በሐምሌ መጀመሪያ ሄደች፤ የገብስ አረም ይጠብቃት ነበር። ባለፈው ሳምንት ለልጄ በዋትስአፕ ድምፅ ልካለች። ያ ሣር ታጨደ ወይ? ታጭዶ ከሆነስ ድርቆሹን ማን ወሰደው? ልጄ ለጥብቅ ስፍራው ኃላፊዎች ደብዳቤ እየጻፈች ነው።