ስለ ታናናሽ ተማሪዎች ነጥብና ስለ ቤት ሥራ

ሕፃናትን ሰብስቦ ለተማሪ ቤት ማስረከብ ብቻውን ትምህርት አይባልም። ከሕፃኑ ምን እንደሚጠበቅ፥ ያወቀውም በምን እንደሚለካ ካልተወሰነ፥ መምህሩም ወላጁም በየፊናው ይደክማል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ፥ ከ100 ተፈታኞች መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 4 አይሞሉም ነበር። በ2015 ዓ.ም. እንዲሁ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ከ5 ጥቂት ቢያልፍ ነው። ያን ጊዜ የተወቀሰው የላይኛው ክፍል መምህር ነበር። ጥፋቱ ሁሉ ከታች ነው ባንልም፥ በቅጡ ማንበብ ሳይችል 4ኛ ክፍል የገባ ልጅ ታሪክና ሳይንስ በምን ዓይኑ ይማራል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ተማሪ በየጊዜው እንዲመዘን አሳስቦ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ልጅን ሳይጥሉ ማሳለፍ ልማድ ሆነ። አሳቡ መልካም ነበር፤ የ7 ዓመት ሕፃን ወደቅህ ተብሎ ከጓደኞቹ ቢለይ ከተማሪ ቤት እንደሚቀር የታወቀ ነውና። ዳሩ ግን ማሳለፉ ሲፈጸም፥ መመዘኑና የደከመውን መርዳቱ በብዙ ስፍራ ቀረ።

የቤተ ክርስቲያንን ተማሪ ቤት ሥርዓት የሚያውቁ አንባቢዎቻችን በዚህ ነገር የሚሉት አይጠፋቸውም። በዚያ ልጁ አንደኛ ወጣ፥ ዐሥረኛ ወጣ አይባልም። ፊደሉን ለይቶ መልእክተ ዮሐንስን በቍጥር፥ በግዕዝ፥ በውርድ ንባብ፥ በቁም ንባብ እያለ ያልፋል፤ ቍጥሩን ሳያውቅ ወደ ግዕዝ የሚያሻግረው የኔታ የለም። አንዱ ፈጥኖ ዳዊት ይደግማል፥ ሌላው ይዘገያል፤ የዘገየውንም ከፍ ያለው ተማሪ አጠገቡ ተቀምጦ ያስቈጥረዋል። አለንጋው ይመለስ የሚል የለም፤ ምሥጢሩን ሳያውቁ በቃል መያዝም የራሱ ጕድለት አለው። መመዘኛው ግን እውነተኛ ነው፤ ልጁ ወይ ያነባል፥ ወይ አያነብም።

በከተማ ባሉ በብዙ ተማሪ ቤቶች ግን በ1ኛ ክፍል ሕፃን ካርድ ላይ ድምርና አማካይ ይጻፍና ደረጃው 37ኛ ይባላል። ይህ ቍጥር ለወላጁ የሚነግረው ከልጁ የሚበልጡ 36 ልጆች መኖራቸውን ብቻ ነው፤ ማንበብ መቻሉንና መደመር ማወቁን አይገልጽም። በፈተና ጽናቷ የታወቀችው ሲንጋፖር እንኳ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2019 ጀምሮ የ1ኛና የ2ኛ ክፍልን ፈተና አስቀርታለች።

የቤት ሥራውም ነገር እንዲሁ ነው። ፈረንሳይ በ1956 ለታናናሽ ተማሪዎች በጽሑፍ የሚሠራ የቤት ሥራ እንዳይሰጥ ከልክላለች፤ ቻይናም በ2021 ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ከልክላለች። አሜሪካዊው ሊቅ ሃሪስ ኩፐር በ2006 ብዙ ጥናቶችን አገናዝቦ፥ የቤት ሥራ ከ7ኛ ክፍል ወዲያ ላሉት ሲጠቅም፥ በታናናሾቹ ላይ ግን ጥቅሙ እጅግ አነስተኛ ሆኖ መታየቱን ጽፏል። በእኛ አገር ደግሞ የገጠሩ ልጅ ከተማሪ ቤት ሲመለስ ከብት ይጠብቃል፥ ውሃ ይቀዳል፤ የከተማው ባለጠጋ ልጅ አስጠኚ ይቀጠርለታል፤ አንዳንዱም ወላጅ ራሱ ሠርቶ በልጁ ስም ይልካል። መምህሩ የሚያርመው የማንን ዕውቀት ነው? 60 ደብተር ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ቢሰጠው 2 ሰዓት ይፈጃልና፥ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ምልክት ተደርጎበት ይመለሳል።

ስለዚህ እስከ 3ኛ ክፍል ድረስ ደረጃው ከካርዱ ወጥቶ፥ ልጁ የሚያነበው፥ የሚጽፈውና የሚያሰላው በግልጥ ቃል ቢጻፍበት ይሻላል እንላለን። የቤት ሥራውም ማታ ለ10 ደቂቃ ያህል ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይሁን፤ ፊደል ያልቈጠረች እናትም ብትሆን ልጅዋ ሲያነብና ሲደናቀፍ ሰምታ መለየት አያቅታትም። በ2ኛው ክፍል መጨረሻ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ብቻውን አቅርቦ በአፍ መፍቻው ቋንቋ አንድ ገጽ ያስነብበው። ለ60 ልጆች አምስት አምስት ደቂቃ ቢሆን የ5 ሰዓት ሥራ ነው፤ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ማንበብ ያቃታቸውም ስማቸው ተመዝግቦ፥ 3ኛው ክፍል ሳይከፈት በክረምቱ ወራት የሚያስተምራቸው መምህር ይመደብላቸው፤ ለዚህም የሚሆነው ገንዘብ ከወዲሁ በየወረዳው በጀት ይያዝ።