በቅርስ ትምህርት ሰዓት ለምን አስቂኝ ፊልም እናያለን?



በቅርስ ትምህርት ሰዓት የአሜሪካ ሀብታም ልጆች የሚቀላለዱበት ፊልም ማየታችንን የሰሙ አንዳንድ ወላጆች «ይህ ደግሞ ከእኛ ቅርስ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን ይገናኛል ባዮች ነን፤ ምክንያታችንን ስሙን።

ፊልሙ ዊት ስቲልማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው «ሜትሮፖሊታን» ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል)። የኒውዮርክ ነባር ባለጸጎች ልጆች በገና ሰሞን ከጭፈራ ሲመለሱ በአንዳቸው ቤት ሳሎን ተሰብስበው ሌሊቱን ሲጨዋወቱ ያሳያል። ተኩስ የለ፣ መኪና አይገለበጥ፤ ሳቁ በንግግሩ ውስጥ ነው። አንዱ ልጅ የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የጄን ኦስተንን ልቦለድ ሲነቅፍ ቆይቶ መጽሐፉን እንዳላነበበው ይናገራል። ሐያሲ የጻፈውን ማንበብ ይበቃዋልና! (እንዲህ ያለ ሰው በእኛም ክፍል አይጠፋም።) ልጆቹ የወገናቸው ዘመን እያለቀ መሆኑን ያውቁታል፤ ስለ ውድቀታቸውም ራሳቸው ይከራከራሉ። ስቲልማን ይስቅባቸዋል፣ ነገር ግን እንደ ጠላት አይስቅም።

በአገር ቤትም ይህን የመሰለ ሥራ አለ። ለንደን የተማሩት ደራሲ መንግሥቱ ለማ በ1960ዎቹ «ያላቻ ጋብቻ» እና «ጠልፎ በኪሴ» የተባሉ ኮሜዲ ተውኔቶችን አቅርበዋል። በመጀመሪያው የተማረ የትልቅ ቤት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ያገባል፤ ዘር ቆጣሪ ዘመድ ይንጨረጨራል። በሁለተኛው ደግሞ ዘመናዊ ነን የሚሉ የከተማ ወጣቶች ወደ ጥንቱ ጠለፋ ይዞራሉ። በ1974 ዘውዱ ወደቀ፤ ያ ሁሉ ማዕረግም አብሮት ሄደ። የዚያ ዘመን ሰው እንዴት ይኮራ፣ እንዴት ያፍር እንደነበረ ዛሬ ከነጨዋታው የምናገኘው በእነዚህ ተውኔቶች ውስጥ ነው።

«የጌቶች ወግ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቤተ እስራኤል በጎንደርና በትግራይ ገጠር ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና የሰው መሬት አራሽ ሆኖ ኖሯል፤ ርስትም ለረጅም ዘመን ተነፍጎታል። ነገር ግን ወግ የሀብታም ብቻ አይደለም። ማን ከላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን አስቀድሞ እንደሚመርቅ፣ ነገር በምን ዓይነት ቃል እንደሚበርድ የእናንተም መንደር ሥርዓት ነበረው። ትናንት ጠብ ያበርዱ የነበሩ አያት ዛሬ ክሊኒክ ሲሄዱ የልጅ ልጃቸው ያስተረጉምላቸዋል። እሳቸው ከምርቃት ጀምረው፣ በምሳሌ አዋዝተው ሕመማቸውን ሲያስረዱ ቆይተው ሲጨርሱ፣ ልጁ በዕብራይስጥ «ጉልበቱን ያመዋል» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ያስቃል፤ ያሳዝናልም። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ቀን በፊልም ሊሠራው የሚችለው ያ ልጅ ነው።

ቅምጥል ትሉናላችሁ። እሺ፣ ከብት ሳንጠብቅ፣ ውኃ ሳንቀዳ አድገናል። እንግዲህ በፊልሙ ውስጥ ያሉት የሳሎን ልጆች እኛው ነን ማለት ነው፤ እያለቀ ያለው ዘመን ግን የእናንተ ነው። በከተማችንም ዘመን አልፏል። በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ፖልጋት የተባለ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ ዛሬ የለም። አሁን ቀጠናው ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው በ1999 የተከፈተው ኢንቴል ነው። ከእናንተ መካከል በቀጠናው በፈረቃ የምትሠሩ አላችሁ፤ ሌሊት በሠራተኛ አውቶቡስ ውስጥ በአማርኛ የሚወረወረውን ተረብ ማን ጻፈው?

በሱዳን በኩል ስለነበረው መንገድ፣ በ1984 ስለተጀመረው የሙሴ ዘመቻና በ1991 ስለተደረገው የሰሎሞን ዘመቻ በየዓመቱ እንሰማለን፤ ደግሞም መስማት ይገባናል። መከራው ተጽፏል፣ ተቀርጿል። የመንደሩ ሳቅ ግን ብዙው በእናንተ አፍ ብቻ ነው ያለው። ዮሲ ቫሳ ከሻይ ቤን አታር ጋር የፈጠረው «ነብሱ» የተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ በ2018 ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት ሲያገኝ ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ነበር። በዚያ ውስጥ የሚያስቀው የእስራኤል ኑሯችን ነው። የዚያኛውን አገር ጨዋታ ግን እኛ ከየት እናመጣዋለን? ቀልድ ዝርዝር ይፈልጋል፤ ወጉን ያላወቀ ሰው ወጉ ሲሰበር አይስቅም።

ስንስቅ የናቅናችሁ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የምንንቀውን ነገር ቁጭ ብለን አንጠይቅም ነበር። ስለዚህ ወደ ቤት ስንመጣ የምንጠይቃችሁ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው፦ በሠርግ ላይ ተረበኛ የሚባለው ማን ነበር? ቡና ሲጠራ ሆን ብሎ የሚዘገየውን ጎረቤት ምን ትሉት ነበር? በገበያ ቀን ዋጋ የሚያጣጥለውን ገዢ ሸማኔው ምን ብሎ ይመልስለት ነበር? ስልካችን ይቀዳል። አማርኛችን አልደርስ ሲል ደግሞ ቀስ ብላችሁ ድገሙልን።