ዝናቡ ሳይመጣ መንገድ፣ ዝናቡ ሲመጣ መጽሐፍ

በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ የመጻሕፍት ወዳጆች አንድ የታወቀ አመል አለን። ወረቀትና እስክሪብቶ እናነሣና «በዚህ ክረምት የማነባቸው» ብለን ርእስ እንጽፋለን። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ እንግዲህ ከመጽሐፍ የተሻለ ምን ወዳጅ አለ? እኔም ባለፈው ዓመት እዚህ አምቦ ላይ የ15 መጻሕፍት ዝርዝር አውጥቼ ከመኝታዬ ራስጌ ለጠፍሁ።

ጳጉሜን ሲገባ 14ቱ ላይ መስመር ተሰምሮ ነበር። ኩራቴን ለብቻዬ አልቻልሁትም፤ ላገኘሁት ሁሉ ነገርሁ። መስከረም ላይ ግን አንድ ወዳጄ ቡና እየጠጣን ከ14ቱ ስለ አንዱ ቢጠይቀኝ፣ የዋናውን ባለታሪክ ስም እንኳ ማስታወስ አቃተኝ። በዚያው ሰሞን የደም ግፊቴን የለካችው ነርስ ቁጥሩን ደግማ ተመለከተችና «በቀን ምን ያህል ይራመዳሉ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ወር ሙሉ ጉዞዬ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ገበታ ነበር። ለመጽሐፍ ብዬ እግሬን አሰርሁ፤ መጽሐፉም አልቀረልኝም።

ውድ አንባቢ፣ ከዚያ ወዲህ ያደረብኝን አሳብ ላካፍልዎ። ንባብና የእግር ጉዞ በአንድ ቀን ላይ የሚሻሙ ባላንጣዎች አይደሉም። ያጣላናቸው እኛ ነን፤ ያጣላንባቸውም መሣሪያ «ስንት መጽሐፍ ጨረስሁ?» የሚለው ቆጠራ ነው።

ይህ የዝርዝር ልማድ በአውሮፓና በአሜሪካም አለ። እነርሱ ግን በእነዚህ ወራት ፀሐይ ላይ ናቸው፤ መጽሐፋቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ። የእኛዎቹ ሐምሌና ነሐሴ የዝናብ፣ የጉምና የጭቃ ወራት ናቸው። እኛም «ክረምት ነው» ብለን በሩን እንዘጋለን። ነገር ግን የምዕራብ ሸዋን ክረምት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚበረታው፤ ጧቱ ጉም ቢለብስም አዘውትሮ ያስኬዳል። እንግዲህ ሰማዩ ራሱ የጊዜ ሰሌዳ አውጥቶልናል ማለት ነው፦ ጧቱን ለእግር፣ ከሰዓት በኋላውን ለመጽሐፍ። ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ ዝናቡ ሲወርድ ሌላ ሥራ መሥራት በማይቻልበት በዚያ ሰዓት፣ ጋቢ ደርቦ፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ይዞ ከማንበብ የሚበልጥ ምን አለ?

ለነገሩ በአገራችን መማርና መሄድ ድሮም የተለያዩ አልነበሩም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎንጅና ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ፍለጋ ወደ ቤተልሔም የተጓዘው በእግሩ ነው። ከመምህሩ የሰማውን መንገድ ላይ እየደጋገመ ከልቡ ያኖረው ነበር። ዛሬ ያንን የመከራ ኑሮ ማንም አይመኝም፤ ረኃቡም ውሻውም የሚረሳ አይደለም። ይሁንና አንድ ነገር ያስተምረናል፦ የተነበበ ነገር እስኪዋሐድ ድረስ መንገድ ይፈልጋል።

ስለዚህ ዘንድሮ ግቤን በመጻሕፍት ብዛት ሳይሆን በየቀኑ ድርሻ ለካሁት። ቁጥር ጠልቼ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀናት ናቸው፤ በቀን 20 ገጽ ብቻ ያነበበ ሰው 1,200 ገጽ ያነባል። ይህም ሁለት ድጎስ ያሉ ልብ ወለዶችን ሳይጣደፉ፣ ያማረውንም ዐረፍተ ነገር ማስታወሻ ላይ እያሰፈሩ ለመጨረስ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ለዚህ ይበቃል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን መሆኑ ነው። በስምንት ሳምንት ቢደመር 1,200 ደቂቃ ይመጣል። አጋጣሚው ደስ አሰኝቶኛል፦ 1,200 ገጽና 1,200 ደቂቃ። ሁለቱም ለአንድ ክረምት ከባድ ሸክም አይደሉም።

ጧት ከመውጣቴ በፊት አንድ ግጥም ብቻ አነባለሁ። በ1928 ዓ.ም. ከዚህ ከአምቦ አጠገብ ቦዳ ላይ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ»ን ትቶልናል፤ የአምቦ ሰው የጧት ስንቅ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ግጥሙን በልቤ ይዤ ወደ ሁሉቃ ወንዝ እወርዳለሁ። ወንዙ በክረምት ደፍርሶ ይጮኻል። መንገድ ላይ የማገኛቸው አዛውንት «አካም ቡልተን?» ይሉኛል፤ እጅ ነሥቼ እመልሳለሁ። ስመለስ፣ ቤት ሳለሁ የገባኝ መስሎኝ የነበረው ስንኝ ሌላ መልክ ይዞ አገኘዋለሁ። ወንበር ላይ ሆኜ ሦስት ጊዜ ባነበው አይገለጥልኝም ነበር።

«እየሄዱ ትረካ ማዳመጥ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይፈጽምም ወይ?» የሚሉ ይኖራሉ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ጆሮውን ያልሰጠ ማን ነበር? ትረካን አልነቅፍም። ነገር ግን የጭነት መኪና በሚበዛበት በዚህ አውራ ጎዳና ዳር ሁለት ጆሮ ደፍኖ መሄድ አደጋ ነው። ከዚያም በላይ፣ አእምሮ ምንም የማይጨመርበት ግማሽ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ የትናንቱን ገጽ መቼ ያላምጠዋል?

ሌላውም ሰበብ እውነት አለው። ጊንጪ አካባቢ ያለ ሰው፣ አገሬው ኮቲቻ የሚለው ጥቁር አፈር በክረምት ጫማ እንደሚያስቀር ያውቃል። ደግሞም በእነዚህ ዓመታት ከከተማ ርቆ መሄድ ጥንቃቄ እንደሚሻ አልዘነጋሁም። ግን ግማሽ ሰዓት ሩቅ አገር አያደርስም። አስፋልቱ ዳር ወይም ሰፈር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ መምጣት ይበቃል። አምቦም ሆነ ጉደር፣ ግንደበረትም ሆነ ጊንጪ፣ ጧት ሰው የሚተላለፍበት አንድ ጥርጊያ መንገድ የሌለው ከተማ የለም።

መራመድ ከጀመርሁ ወዲህ ግፊቴ በተአምር አልዳነም፤ መድኃኒቱንም እየወሰድሁ ነው። ነርሷ ግን ባለፈው ቀጠሮ ቁጥሩን ደግማ አላየችውም። ዘንድሮ ከራስጌዬ የተለጠፈ ዝርዝር የለም። ከበሩ ጀርባ ቦት ጫማና ጃንጥላ፣ ከወንበሩ አጠገብ ደግሞ ሁለት መጻሕፍት አሉ። መስከረም ላይ ያ ወዳጄ ዳግመኛ ቡና ቢጋብዘኝ ሁለት መጽሐፍ ብቻ ነው የምነግረው። የባለታሪኮቹን ስም ግን አልረሳም።

መልካም ክረምት፤ ቸር እንሰንብት።