ግቢው ተዘግቶ ሜዳው ሲከፈት

«የራሳችን ቡድን ጉዳይ ሳያልቅ የባሕር ማዶ ኳስ ምን ያደርግልናል?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩ ግን የኳስ ብቻ አይደለም፤ የተማሪ ነገር ነው። ተማሪ በጤናውና በጉልበቱ ላይ ድምፅ አለው ወይስ የለውም? ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሜዳ ላይ አፍጥጦ ወጥቶ ነበርና እናስታውሰው። (ዘመኑን በእኛ አቈጣጠር ነው ካላልሁ በቀር በፈረንጆቹ እጽፋለሁ።)

በመጀመሪያ፣ እነርሱ «ፉትቦል» የሚሉት የእኛን እግር ኳስ አይደለም። እንቍላል የመሰለ ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥ፣ የያዘውንም ተጠምጥሞ መጣል ነው፤ ሰው በሰው ላይ ይከመርበታል። በሽታ በትንፋሽ ለሚተላለፍበት ዘመን ከዚህ የባሰ ጨዋታ መፍጠር ያስቸግራል። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ሲሆኑ በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስታዲየም መቶ ሺህ ያህል ተመልካች ይገባል፤ የቴሌቪዥኑ ገንዘብማ አይነሣ። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ኒክ ሳባን በዚያ ዓመት ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈለው ነበር። ተጫዋቹ ግን የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ ማደሪያና ቀለብ ያገኛል እንጂ ደመወዝ አልነበረውም፤ ምክንያቱም «ተማሪ ስፖርተኛ» ነዋ! ይህች አጠራር ራሷ ታሪክ አላት። በ1950ዎቹ የአሜሪካ ኰሌጆች ስፖርት ማኅበር ኃላፊ የነበረው ዋልተር ባየርስ፣ የተጐዳ ተጫዋች እንደ ሠራተኛ ተቈጥሮ ካሣ እንዳይጠይቅ ተሠግቶ ስያሜው እንደ ወጣ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ተናግሯል። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች አንድ ስያሜ ይህን ያህል ገንዘብ ማዳን መቻሉን ስናይ ሙያችንን ማክበር ይገባናል።

እንግዲህ ወረርሽኙ መጣ። ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግ በጁላይ 8 የመኸሩን ስፖርት ሰረዘ። እነዚህ ባለጸጎች ናቸው፤ ኳስ ባይኖር አይራቡም። ኦገስት 11 ደግሞ ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን የሚገኙበት ቢግ ቴን፣ በምዕራብ ጠረፍም ፓክ 12 የተባለው ማኅበር ውድድራቸውን አስተላለፉ። የደቡቦቹ ግን እንጫወታለን ብለው ጸኑ።

ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የሆነው ነው የእኔ ጉዳይ። ኦገስት 2 የፓክ 12 ተጫዋቾች ባንድነት ሆነው የጤና ጥበቃ፣ ከገቢው ድርሻና ሌላም ጠየቁ፤ ካልሆነ አንጫወትም አሉ። ሳምንት ሳይሞላ የክሌምሰኑ ትሬቨር ሎውረንስና ሌሎች ታዋቂ ተጫዋቾች «መጫወት እንፈልጋለን» ብለው ተነሡ። ጠበኞች ይመስላሉ አይደለም? ልጆቹ ግን ተጠራርተው በአንድ ሌሊት ተነጋገሩና ኦገስት 9 ለ10 አጥቢያ የጋራ መግለጫ አወጡ። መጫወት እንፈልጋለን፤ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት የጤና ሥርዐት ይኑር፤ መጫወት ያልፈለገ ይቅር፣ የመጫወት ዕድሜውም አይቈጠርበት፤ በተጫዋቾችና በባለሥልጣኖች መካከል ግልጽ መነጋገር ይኑር፤ በመጨረሻም የተጫዋቾች ማኅበር ይቋቋም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ የመጀመሪያዋን መሥመር አንሥተው ደገፉ። የመጨረሻዋን ያነሣላቸው ባለሥልጣን ግን እኔ አላየሁም።

በዚያው ወር በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ በቻፕል ሂል፣ ትምህርት ኦገስት 10 ተጀመረ። ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ በሽታው በየማደሪያው ስለ ተዛመተ፣ ኦገስት 17 የዲግሪ ተማሪዎች ትምህርት በኮምፒዩተር ብቻ እንዲሆን ታዘዘ፤ ብዙው ተማሪ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። የኳስ ቡድኑ ግን በግቢው ቀረ፤ ሴፕቴምበር 12 ከሲራክዩስ ጋራ ተጫውቶ 31 ለ6 አሸነፈ። እስቲ ንገሩኝ፤ ለተማሪ ያሠጋ ግቢ ለ«ተማሪ ስፖርተኛ» የማያሠጋው በምን ተአምር ነው?

በእኛም አገር በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደየቤተ ሰቡ ሲሸኝ፣ አንዳንዱም ማደሪያ ለይቶ ማቈያ ሲሆን፣ የኳሱም ሊግ በዚያው ተሰርዟል። ድኾች ነን፤ ነገር ግን ሁሉም አብሮ ቆመ። የእነርሱን ነገር እንግዳ የሚያደርገው ትምህርቱ ቆሞ ኳሱ መሄዱ ነው።

ቢግ ቴንም አልቻለበትም። ትራምፕ በሴፕቴምበር 1 ለኃላፊው ስልክ ደወሉ፤ ሴፕቴምበር 16 ውድድሩ እንዲቀጥል ተወሰነ። ተጫዋቾቹ በየቀኑ ሊመረመሩ፣ የታመመም ልቡ ሳይታይ እንዳይመለስ ተደነገገ። ለተራው ተማሪ እንዲህ ያለ የዕለት ምርመራ አልነበረም።

ኦሃዮ ስቴት 8 ጨዋታ ተይዞለት 5 ብቻ ተጫወተ። አንዱ በሜሪላንድ ልጆች፣ አንዱ በራሱ፣ አንዱ በሚሺጋን መታመም ቀረ። በደንቡ ለፍጻሜ የሚቀርብ ቢያንስ 6 መጫወት ነበረበት፤ ስለዚህ ተራው ለኢንዲያና ሊደርስ ነው። ታዲያ ዲሴምበር 9 ደንቡ ተለወጠ! ኢንዲያና በኦሃዮ 42 ለ35 ተሸንፎ ነበርና ፍርዱ በሜዳ ተሰጥቷል የሚል ይኖራል፤ ይሁን። ነገር ግን ለገንዘብ ሲባል ደንብ በአንድ ቀን የሚለወጥ ከሆነ፣ ለልጆቹ ጥያቄ ደንቡ ለምን ድንጋይ ሆነ? ኦሃዮ ኖርዝዌስተርንን 22 ለ10፣ ክሌምሰንን 49 ለ28 ረትቶ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 2021 በአላባማ 52 ለ24 ተሸነፈ።

የቀረው የኦሃዮና የሚሺጋን ጨዋታ ከ1918 ጀምሮ በየዓመቱ ሳያቋርጥ የኖረ ነበር። 1918 ማለት ያ የኢንፍሉዌንዛ ዓመት ነው፤ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው። አያቶቻችን በኅዳር 1911 ዓ.ም. ሙታን መቅበር ሲያቅታቸው፣ እነዚያ በዚያው ወር ተጫውተዋል። ያን ያለፈ ጨዋታ በ2020 ቆመ።

«ልጆቹ ራሳቸው መጫወት ፈለጉ፤ አንተ ምን አገባህ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ፈለጉ። የወደደ ይጫወት፤ የመዝጋት ደጋፊ አይደለሁም። እኔን የሚቈጨኝ ከአምስቱ ጥያቄ የተመረጠላቸው ለሌላው ገንዘብ የሚያስገባው መሆኑ ነው። የመጫወት ዕድሜን በተመለከተ አንድ ዓመት ተጨምሮላቸዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ገንዘቡም ቢሆን ዘግይቶ መጣ፤ በጁን 2025 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለስፖርተኞቹ እንዲያካፍል ተፈቅዷል።

የማኅበሩ ነገር ግን ሌላ ነው። በማርች 2024 የዳርትመዝ ኰሌጅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ድምፅ ሰጥተው 13 ለ2 በሆነ ውጤት የሠራተኛ ማኅበር ይኑረን አሉ። ኰሌጁ አልደራደርም አለ፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ማመልከቻው ተነሣ።