መምህሩን ሻማ አትበሉት

በየዓመቱ በመምህራን ማሠልጠኛዎቻችን የምርቃት አዳራሽ አንድ ሻማ ይበራል። የሚበራው በክብሪት ሳይሆን በንግግር ነው። የዕለቱ የክብር እንግዳ ጉሮሮውን ይጠርግና «መምህር ማለት እየቀለጠ ለሌላው የሚያበራ ሻማ ነው» ይላል። ይጨበጨባል፤ ወላጅ እንባውን ይጠርጋል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ገና ሥራ ያልጀመረን ወጣት «ቅለጥ» ብሎ መመረቅ ምን ዓይነት ምርቃት ነው? በአገራችን ወግ የሚመረቅ ሰው «እደግ፣ ተመንደግ» ይባላል።

ነቀምቴ ያለች የእህቴ ልጅ በዲፕሎማ ተመርቃ፣ የምደባ ደብዳቤዋን ይዛ መስከረምን እየጠበቀች ነው። የደረሳት ትምህርት ቤት ከሻምቡ ወዲያ፣ ከመኪና መንገድ የራቀ ቀበሌ ውስጥ ነው። ክረምቱን ሙሉ የሚያብሰለስላትን በደብተሯ ጽፋ አሳየችኝ። የት ነው የማድረው? የመጀመሪያው ደመወዝ በስንተኛው ወር ይደርሳል? አንድ ልጅ ፊደል አልይዝለት ቢል ማንን እጠይቃለሁ? «ኤሱማ፣ ይህን የመጨረሻውን ማንም አልነገረንም» አለችኝ። (ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ነው፤ ሁሉን ያውቃል ተብሎ የሚጠየቅ ምስኪን ሰው።) ስለ ሻማው ግን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሰምታለች።

ለነገሩ ወረቀቱማ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ መምህራኑ በአጭሩ «ተሙማ» የሚሉት፣ ለአዲስ ተመዳቢ የሁለት ዓመት የትውውቅ ጊዜ ያዛል፤ ልምድ ያለው መምህር አማካሪ ሆኖ አጠገቡ እንዲቆም ይላል። የደረጃ ዕድገቱ መሰላልም የታችኛውን እርከን «ጀማሪ መምህር» ብሎ ይጠራዋል። ጀማሪ መሆኑ እንግዲህ በመንግሥት ማኅተም የታወቀ ነው። ታዲያ እኔ በተዘዋወርኩባቸው የወለጋ ትምህርት ቤቶች ያየሁት ተሙማ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ከመደርደሪያ የሚወርድ ፋይል ነው። አማካሪው ፈርሟል፣ ጀማሪው ፈርሟል፤ ሁለቱ አንድም ቀን አንድ ክፍል ውስጥ አብረው አልቆሙም።

ከዚህ የባሰው የክፍል ድልድሉ ነው። ነባሮቹ ከፍ ያሉትን ክፍሎች ይይዛሉ፤ አንደኛ ክፍል፣ ያ ልጅ እንደ ንብ የሚተራመስበት፣ ለአዲሷ ይሰጣል። መስፈርቱ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል 50 ተማሪ ይላል፤ የቆጠርኩት ግን ከዚያ በላይ ነበር። ማንበብ ማስተማር ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ሆኖ ሳለ ምንም ላላየ ሰው የሚጣለው ለምንድን ነው? ርእሰ መምህሩን ብትጠይቁት «ትልመደው» ይላችኋል። እሷ እስክትለምደው ያ ክፍል አመለጠ። በ2015 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ጮኸ። ጩኸቱ ወደ 12ኛ ክፍል ነበር፤ ወደ አንደኛ ክፍል ዞር ብሎ ያየ ጥቂት ነው።

«እኛስ በጭቃ ቤት አድረን አስተምረን የለም ወይ?» የሚሉ አንጋፋዎች አሉ። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የሁሉም ጭቃ አንድ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን በየጠቅላይ ግዛቱ እያሰማራ አስተምሯል፤ ነገር ግን አንድ ዓመት ነበር። ዘማቹ ችግሩን ቀምሶ፣ ጨዋታውን ይዞ ወደ ስድስት ኪሎ ይመለስ ነበር። የዛሬዋ ጀማሪ የምትመለስበት ቀን አልተጻፈላትም፤ ዝውውር ስትጠይቅ ወረፋው ከፊቷ ተሰልፏል።

ሌላው የሚጠቀስብን ኦኔስሞስ ነሲብ ነው። «እሱ ሁሉን ትቶ ለሕዝቡ ቀለጠ» ይባላል። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ግን ተቃራኒውን ያነባል። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው ይህ ሰው ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥቶ፣ ስዊድን ተምሮ በ1881 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ሞክሮ መንገዱ ተዘጋበት። ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው፤ 23 ዓመት ጠበቀ ማለት ነው። እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። አስቴር ጋኖ ከሕዝቡ አፍ ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ጽፋ አስቀረች፤ ከእነዚያ የተወሰኑት የገቡበት የጀማሪዎች ማንበቢያ በ1894፣ በግዕዝ ፊደል፣ በኦሮምኛ ታተመ። ነቀምቴ ሲደርስም የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሉት። በ1906 ተከሶ እንዳይሰብክ ሲታገድ እንኳ ማስተማሩን ቀጠለ። እንግዲህ ቁጠሩት፦ መጽሐፍ ነበረው፣ የሥራ ባልደረባ ነበረው፣ ተቀባይ ነበረው። የእህቴ ልጅ ከሦስቱ አንዱንም ይዛ አትሄድም። ኦኔስሞስን ለመሥዋዕትነት ስብከት የሚጠሩት ሰዎች የመምህሩን መጽሐፍ ማን እንዳዘጋጀ ቢጠይቁ ይሻላቸው ነበር።

በወለጋ ደግሞ የመንገዱ ነገር አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ግጭት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ በ2012 ዓ.ም. ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እናት የልጇን ድምፅ አጥታለች። ጠመኔ ብቻ የያዘች የ22 ዓመት ልጅ በዚህ መንገድ ስትላክ፣ ላኪው መሥሪያ ቤት ቢያንስ የደረሰችበትን የሚጠይቅ አንድ ሰው መመደብ አያቅተውም። እህቴ በየማታው ሬድዮዋን ለምን እንደምትከፍት ንገሩኝ ብትሉኝ ለሙዚቃ አይደለም።

አዲስ ነገር እንዲፈጠር አልጠየቅሁም። የተጻፈው ይፈጸም። አንደኛ ክፍልን ነባሩ መምህር ይያዘው፤ አዲሷ ሁለት ወር አጠገቡ ተቀምጣ ትይ። ደብዳቤዋ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወደ ፋይናንስ ለመሻገር ወራት አይፍጅ፤ የመስከረም ደመወዝ በመስከረም ይከፈል። ቀበሌውም ለአጥርና ለአዳራሽ መዋጮ ሲሰበስብ አንዲት ቆርቆሮ የለበሰች፣ በሯ የሚቆለፍ ክፍል ለመምህሯ ይጨምር። እስከዚያው ድረስ በየከተማው ቤት የምታከራዩ ወገኖቼ፣ ገና ደመወዝ ካላየች ልጅ የሦስት ወር ቅድሚያ አትጠይቁ።